መባ በምን ይሠምራል

ማቴዎስ ምዕራፍ ፭፥ ቍጥር ፳፫ እና ፳፬። ጌታ በዚህ አንቀጽ፥ መባውን ይዞ ከመሠዊያው የደረሰ ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለ ቢያስብ፥ መባውን ከዚያው ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ዘንድ አዘዘ።

እግዚአብሔር አምልኮትን የሚሻው ጐድሎበት ነውን ቢሉ፥ አይደለም። ሰው ሳይፈጠር በባሕርዩ ምስጉን ነበርና። ሰው ግን ካለመኖር ወደ መኖር ስላመጣው፥ ኋላም በልጁ ደም ስላዳነው ይሰግዳል፤ ጥቅሙም ለሰጋጁ ነው።

መባህን መልሰህ ውሰድ ያላለ ስለምን ነው ቢሉ፥ መባውን የጠላ እንዳይመስል፤ አንድም ታርቆ ተመልሶ ይፈጽም ዘንድ ቀጠሮ ይሁነው ሲል ነው። ደግሞ አንተ የተቀየምኸው አላለም፥ አንተን የተቀየመህ አለ እንጂ። ይህ ለሹም ይከብዳል፤ በዳይ ይረሳልና፥ ተበዳይ ግን አይረሳም። ከድኻ በነጠቀው መሬት እህል ጧፍና ዕጣን ቢያገባ፥ ካህኑም ዐውቆ ዝም ብሎ ቢቀበለው፥ ሁለቱም ባለዕዳ ናቸው። ዘኬዎስ ለድኻ ከሚመጸውተው ሌላ፥ በግፍ የወሰደውን ለባለገንዘቡ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። በቅዳሴም ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርስ ሰላምታ ይሰጣጡ ዘንድ የሚያዝዘው ከቍርባን አስቀድሞ ነው።