የደሙ ወረቀት ምን ይላል?

ባለፈው ሰሞን በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሦስት ዓመት ልጃቸውን የደም ምርመራ ወረቀት ይዘው መጡ። «አንተ ሳይንስ የምታስተምር አይደለህም? እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። «ጠቅላላ አይጂኢ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለው ቍጥር ከልኩ እጅግ ያለፈ ነው። ልጁን ገላውን ስለሚያሳክከው፥ ይህ ቍጥር ብቻ ታይቶ «አለርጂ አለበት» ስለ ተባሉ ወተትም እንቍላልም ከልክለውት ኖሯል። ልጁም ከስቷል።

አይጂኢ በደም ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የታወቀበት ታሪክ ያስገርማል። በ1921 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ፕራውስኒትስ የተባለ ሐኪም፥ ዓሣ የማይስማማውን የባልደረባውን የኪውስትነርን የደም ውሃ በገዛ ቆዳው ውስጥ ወጋ። በማግስቱ በዚያው ቦታ የዓሣ ጭማቂ ቢጨምርበት ቆዳው ቀልቶ አበጠ። ምክንያቱ በደም ውስጥ መኖሩ ታወቀ። ምንነቱ ግን በ1960ዎቹ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ፥ ዮሐንሶንና ቤኒሽም በስዊድን እስኪደርሱበት ድረስ ተሰውሮ ቈየ። ስሙ የወጣለት በ1968 ነው።

ጠቅላላው መጠን ደካማ ምስክር ነው፤ ወስፋትና ሌላው የአንጀት ትልም ከፍ ያደርገዋልና። ለአንድ ምግብ የተለየውን አይጂኢ የሚለካው ምርመራ ግን ይሻላል። የወተቱ ወይም የእንቍላሉ ፕሮቲን በጠጣር ነገር ላይ ይያዛል፤ የልጁ የደም ውሃ ይፈስበታል፤ ታጥቦ የቀረው አይጂኢ ይለካል። ቀድሞ በጨረር ነበር፤ ዛሬ በሚያበራ ኬሚካል ነው። የተለመደው ወሰን በሊትር 0.35 ኪሎዩኒት ሲሆን፥ ይህን ያለፈ ሁሉ ግን ታማሚ ነው ማለት አይደለም። ሰውነቱ ምግቡን ለይቶታል ማለት ብቻ ነው፤ በልቶት ደኅና የሚውል ልጅ ሞልቷል። በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ በሩብ ሰዓት ያህል ውጤቱን ያሳያል፤ ነገር ግን የአለርጂ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ገላው በሽፍታ የተሸፈነ ሕፃን አይመቸውም፤ ያን ጊዜ ደሙ ይመረጣል። አይጂጂ4 የሚባለውን ግን የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ለምግብ አለርጂ አይጠቅምም ብሏል፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ቍርጡን የሚነግረው ልጁ በሐኪም ፊት ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ሲቀምስ ነው።

«ከዚህ በፊት ወተት ሲጠጣ ምን ይሆን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ምንም! ጎረምሳ ይመስል ነበር።»

እንግዲያው ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት አልኋቸው። ሰገራው ቢመረመር ወስፋት ተገኘበት፤ ለእከኩም ቅባት ታዘዘለት። ትናንት በዕረፍት ሰዓት ከሩቅ ጠርተውኝ፥ «ዛሬ እንቍላሉን ጨርሶ የእኔንም ነጠቀኝ!» አሉኝ።