ከለገሃር መብራት በላይ ያለው ሰማይ

ልጆቻችን ሱረቱ-ነጅምን፣ ሱረቱል-ቡሩጅንና ሱረቱ-ጧሪቅን በቃላቸው ይቀራሉ። ሦስቱም ምዕራፎች ስማቸውን ያገኙት ከሰማይ ከዋክብት ነው። ይሁንና ለገሃር አካባቢ ከሚያድጉት ልጆች መካከል በከዋክብት የተሞላ ሰማይ በዓይኑ ያየ ስንቱ ይሆን? የረመዷን ጨረቃ መታየቷን እንኳ አብዛኞቻችን የምንሰማው ከቴሌቪዥን ነው። የመንገድና የፎቅ መብራት ሽቅብ ተረጭቶ የደካማ ከዋክብትን ብርሃን ውጦታል።

ይህን ሰማይ ለቤተሰብ መልሶ ለማስተዋወቅ ከሚረዱ መንገዶች አንዱ የሌሊት ፎቶግራፍ ነው። ዓይናችን ብርሃንን ለረጅም ጊዜ አያጠራቅምም። ካሜራ ግን መዝጊያውን 20 ሰከንድ ከፍቶ ቢቆይ የዚያን ሁሉ ጊዜ ብርሃን በአንድ ምስል ይሰበስባል፤ ዓይን ያላየው ኮከብም ብቅ ይላል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን የመረመረው ሙስሊሙ ሊቅ ኢብኑል-ሀይሠም ከ1000 ዓመት በፊት የነበረ ሰው ነው። ሩሕ ባለው ፍጡር ምስል ላይ ዑለማዎች ያላቸው ልዩነትም ሰማይንና ተራራን አይመለከትም።

ካሜራው ወደ ሰሜን

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን ጭብጣችንን ብንይዝ የአንድ ቡጢ ያህል ከፍታ ማለት ነው። ከለገሃር ሲታይ ከእንጦጦ ጋራ በላይ ነው። መካም ከእኛ በስተሰሜን፣ ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብላ ትገኛለች። ስለዚህ የሰሜን ኮከብን ያወቀ ልጅ የቂብላውን አቅጣጫ አወቀ ማለት ይቻላል። ሱረቱል-አንዓም በ97ኛው አንቀጽ ከዋክብት በጨለማ መንገድ መሪ እንደሆኑ ያስታውሰናል።

ካሜራውን ወደዚያ አቅጣጫ አቁመን ለአንድ ሰዓት ያህል በተከታታይ ብናነሳና ምስሎቹን ብናዋሕድ ከዋክብቱ በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ቅስት ሠርተው ይታያሉ። ጠዋፍን ለሚያስብ ልብ ይህ ምስል ብዙ ይናገራል።

ቦታና ጊዜ

ፍኖተ ሐሊብን ለማንሳት ግን ከከተማ መራቅ ግድ ነው። ከለገሃር ይነሳ የነበረው የድሬዳዋ ባቡር ያቋርጠው የነበረው የአዋሽ ሜዳ፣ እንዲሁም ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሌው ሳነቴ አምባ ለዚህ የተመቹ ናቸው። ክረምት ደመና ስለሚበዛበት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ከሱብሒ በፊት፣ በደቡብ በኩል መመልከት ይበጃል። ብቻን መሄድ ግን አይመከርም።

ለዚህ ሥራ ጥሩው መቁጠሪያ የሂጅራው ነው። የወሩ መጨረሻና መጀመሪያ ሌሊቶች ጨለማ ስለሆኑ ለከዋክብት ይመቻሉ። ከ13 እስከ 15 ባሉት በአያሙል-ቢድ ሌሊቶች ደግሞ ጨረቃዋ ከዋክብትን ብታደበዝዝም ተራራውንና ዛፉን ታደምቃለች።

ካሜራው በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቁም፤ ፍላሹ ይጥፋ። የሌንሱ ቁጥር 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ 500ን ለ24 እናካፍል፤ 20 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ነጥብነቱ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። የሌሊት ማንሻ ያለው ሞባይልም በድንጋይ ተደግፎ ይሠራል።

ወላጆች ሆይ! ካሜራ ባይኖር እንኳ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። በቃሉ የያዘውን ሱራ በዓይኑ ካየው ፍጥረት ጋር ያገናኘ ልጅ የሚቀራው በማስተንተን ይሆናል። አላህ (ሱ.ወ.) ከሚያስተነትኑት ያድርገን፤ ኣሚን።