ከቧንቧ ወይስ ከታሸገው? የቤታችን የመጠጥ ውሃ ጉዳይ

ልጅ ሆዱን ባመመው ቁጥር በቤት ውስጥ በመጀመሪያ የሚከሰሰው ውሃ ነው። አንዱ የቧንቧውን ውሃ ይወቅሳል፤ ሌላው ደግሞ «የታሸገ ብትገዢለት ኖሮ» እያለ እናቲቱን ይወቅሳል። በአዲስ አበባም ሆነ በአሰላ፣ ዲክሲስን በመሰሉ የአርሲ ደጋ ከተሞችም ጭምር የታሸገ ውሃ የምትገዛ እናት ልጆቿን ያዳነች፣ አቅም ያጣችው ግን የበደለች መስሎ ይታያል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል ነውን?

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። አባባሉ ለወንዝ ሙላት ቢነገርም ለመጠጥ ውሃም ይሠራል። ጠርቶ የሚታይና ለአፍ የሚጥም ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለምና።

ለዚህም አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ በብሮድ ጎዳና አካባቢ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ ሠፈር ርቀው፣ ኮሌራ ባልገባበት ቦታ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ግን በዚሁ በሽታ ሞቱ። ዶክተር ጆን ስኖው ጉዳዩን ሲመረምር ምክንያቱን አገኘው። ሴትዮዋ የብሮድ ጎዳናን የውሃ ጣዕም ስለሚወዱ ልጆቻቸው በጠርሙስ እየሞሉ ይልኩላቸው ነበር። በሠፈራቸው ያለውን ውሃ ትተው በጠርሙስ የመጣላቸውን በመጠጣታቸው ለሞት ተዳረጉ።

ከዚህ የምንማረው ጠርሙስ ብቻውን ውሃን ንጹሕ እንደማያደርግ ነው። ዋናው ነገር ውሃው ከየት መጣ፣ በማን እጅና በምን ዕቃ አለፈ የሚለው ነው። ኮሌራም የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በጎረቤታችን በባሌ ዞን ተነሥቶ ወደ ብዙ የአገራችን ክፍሎች ተዛምቷል።

ውሃው የሚበከለው የት ነው?

ተጣርቶ ክሎሪን የተጨመረበት የቧንቧ ውሃ ከማጣሪያው ሲወጣ ለመጠጥ የተዘጋጀ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲቆይ፣ በተሰነጠቀው በኩል ከአካባቢው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ከቆየ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያውን ውሃ ለመጠጥ አይቅዱት። ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ያውሉት፤ ጥርት ብሎ መውረድ ሲጀምር የመጠጡን ይቅዱ።

ሁለተኛው መንገድ በገዛ ቤታችን ያለው ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ባካሄደው ጥናት የመጠጥ ውሃ ከሚቀዳበት ቦታም፣ በቤት ውስጥ ከሚጠጣበት ኩባያም ተወስዶ ተመርምሮ ነበር። በቤት ውስጥ ያለው ውሃ ከምንጩ ይልቅ ተበክሎ ተገኝቷል። ውስጡ አረንጓዴ የያዘ ጀሪካን፣ ክዳን የሌለው እንስራ፣ የልጅ እጅ አብሮ የሚጠልቅበት ጣሳ፣ እነዚህ ሁሉ የታሸገውንም ሆነ የቧንቧውን ውሃ እኩል ያበላሻሉ።

የታሸገ ውሃ መቼ ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ በቀን 10፣ በወር 300 ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ያስፈልገዋል። በሠፈርዎ ባለው ዋጋ ያባዙትና ከወር ገቢዎ ጋር ያስተያዩት። ያ ገንዘብ የልጆችን እንቁላልና ወተት የሚነካ ከሆነ ትርፉ ኪሳራ ነው።

ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ፣ ቧንቧ ተሰብሮ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ጊዜ፣ ወይም ውሃ ማከሚያ በሌለበት ቦታ የታሸገ ውሃ ጠቃሚ ነው። ሲገዙም የክዳኑ ቀለበት ያልተነካ መሆኑን፣ የደረጃ ምልክቱንና የአገልግሎት ጊዜውን ይመልከቱ። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለውን አይግዙ።

ስለ ሕፃናት ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። እስከ ስድስት ወር ድረስ ጡት ብቻ ይበቃል፤ ውሃም አያስፈልግም። በሐኪም ትእዛዝ የዱቄት ወተት ለሚሰጠው ሕፃን የታሸገውም ውሃ ቢሆን መፍላት አለበት፤ የታሸገ ማለት ከጀርም ሁሉ የጸዳ ማለት አይደለምና። አምቦን የመሰለ ማዕድን የበዛበት ውሃም ለዚህ አይሆንም።

በደጋ አገር ውሃ ሲፈላ

የደጋ እናት ባቄላ ለመብሰል ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃለች። ምክንያቱ ከፍታው ነው። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አሰላ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለሆነም ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ከዚያ በላይ ማቆየት ማገዶ ማባከን ነው። በተፈላበት ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

ማገዶና ከሰል ከተወደደብዎ ደግሞ «ውሃ አጋር»ን የመሰለ የክሎሪን መድኃኒት በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ያቆዩ። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድመው ያስቀምጡትና በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት፤ ክሎሪን በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ኃይሉ ይደክማል።

በበጋ ሌላም ዘዴ አለ። «ሃይላንድ» የምንለውን ቀለም የሌለው ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ልጣፉን ልጠው፣ በጠራ ውሃ ሞልተው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያጋድሙት። በጠራራ ፀሐይ 6 ሰዓት፣ ደመና በበዛበት ጊዜ ሁለት ተከታታይ ቀን ቢቆይ ብዙዎቹ ጀርሞች ይሞታሉ። በክረምት ዝናብ ግን አይታመንም።

ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ለሚወርዱ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ባሉ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ከሚፈቀደው በላይ የሚገኝባቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ይህን ማፍላትም ክሎሪንም አያስወግደውም። በዚያ ለሚያድጉ ልጆች ሌላ ምንጭ መፈለግ ወይም የታሸገ መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ባዶው ጠርሙስ

የውሃ ጠርሙስ ሲያልቅ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና የሚሞላበት ቤት ብዙ ነው። ሕፃን ልጅ ግን «ሃይላንድ» የሚያውቀው ውሃ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ጠምቶት ያገኘውን ያነሣል። እነዚህን ነገሮች በውሃ ጠርሙስ ፈጽሞ አያስቀምጡ። ልጅ ከጠጣ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

እንግዲህ የቤትዎ ውሃ ከየትም ይምጣ፣ የመጠጡ ዕቃ ለብቻው ይሁን፤ አፉ ጠባብና ባለክዳን ይሁን። በየሳምንቱ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ። በጣሳ ከማጥለቅ ይልቅ ማንቆርቆር ወይም እጀታው ረዥም በሆነ ጭልፋ መቅዳት ይሻላል። ይህ ሥራ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም፤ ጀሪካን ማጠብ አባትም ወንድ ልጅም የሚችለው ነው። ቧንቧ ሲሰነጠቅ ደግሞ ጎረቤት ተጠራርቶ ለከተማው ውሃ አገልግሎት ማመልከትና እስኪጠገን መከታተል ይገባል። የተሰበረው ቧንቧ ካልተጠገነ በሠፈሩ የታሸገ መግዛት የማይችል ልጅ ሁሉ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነውና።