በ13 ሰከንድ ውስጥ መድፈር ይሻላል ወይስ መጠንቀቅ?

ሰው ሁሉ በጠባዩ ከሁለት ወገን ወደ አንደኛው ያዘነብላል። አንዱ «የደፈረ ይቀድማል» ባይ ነው፤ ሌላው ደግሞ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያለ ወደ ኋላ ይጎትታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ባየን ቍጥር የምንከራከረው በዚሁ ነበር። የምንደግፈው ቡድን አንድ ለባዶ እየመራ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ገሚሳችን «ሁሉም ወደ ኋላ ተመልሶ ይከላከል» ስንል፣ ገሚሳችን «ማጥቃቱን ካቆመ አለቀለት» እንል ነበር። ክርክሩ አንድም ቀን አልተቋጨም። ምክንያቱ አሁን ሳስበው ግልጽ ነው፤ ሁላችንም የምንናገረው ስለ ጠባያችን እንጂ በሜዳው ላይ ስላለው ነገር አልነበረም።

ይህን ክርክር አጥርቶ የሚያሳይ አንድ ጨዋታ አለ፤ እርሱም የአሜሪካኖች ፉትቦል ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ከሁለቱም ወገን አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል። ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ ያደረሰ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ተችዳውን ይባላል። እስከዚያ መድረስ ያልቻለ ደግሞ ኳሱን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፈ 3 ነጥብ ያገኛል። የማጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ የሚባለው ሰው ነው። ኳሱን ተቀብሎ ለሚሮጡት ጓደኞቹ የሚወረውረው እርሱ ነው።

እንግዲህ የተከላካዩ ቡድን አሠልጣኝ ጭንቀት እዚህ ላይ ይጀምራል። እንደ ተለመደው ከሆነ አራት ሰዎች ኳርተርባኩን ለመያዝ ይገፋሉ፤ የቀሩት ሰባቱ ኳስ ተቀባዮቹን ይጠብቃሉ። አሠልጣኙ አምስት ወይም ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ወደ ኳርተርባኩ የላከ እንደ ሆነ ግን ይህ ብሊትዝ ይባላል። ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን መብረቅ ማለት ነው። በርግጥም እንደ መብረቅ ነው፤ ከደረሰ ኳርተርባኩን ይጥለዋል፣ ወይም አስደንግጦ ኳሱን ያለ ቦታው ያስወረውረዋል።

ዳሩ ግን ሒሳቡን አስቡት። ኳስ ለመቀበል ወደ ፊት ሊሮጡ የሚችሉት ቢበዛ አምስት ሰዎች ናቸው። ስድስት ሰው ለብሊትዝ ከሄደ ለአምስቱ የሚቀሩት አምስት ተከላካዮች ብቻ ናቸው። አንድ ለአንድ ይያያዛሉ እንጂ ከኋላ ሆኖ ስሕተታቸውን የሚያርም ሰው አይኖርም። ከአምስቱ አንዱ ቢያመልጥ ነገሩ ያበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ብሊትዝ በነፃ የሚገኝ ኃይል አይደለም፤ ከኋላ ተወስዶ ወደ ፊት የሚዛወር ብድር ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንሂድ። ኅዳር 27 ቀን 2013 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 6 ቀን 2020) የኒውዮርኩ ቡድን ጄትስ ከላስቬጋሱ ሬደርስ ጋር ይጫወት ነበር። ጄትስ በዚያ ዓመት እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፈም ነበር። በዚያ ቀን ግን ጨዋታው ሊያልቅ 13 ሰከንድ ሲቀረው 28 ለ24 ይመራል። ሬደርስ ኳሱን ይዞ 46 ያርድ ይቀረዋል፤ ሰዓት ለማስቆም የሚጠይቀው የዕረፍት ፈቃድም አልቆበታል።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ በአሠልጣኙ ቦታ ሆነህ አስብ። ልዩነቱ አራት ነጥብ ስለ ሆነ የሦስት ነጥቡ ምት ለሬደርስ አይረባውም፤ ተችዳውን ማግባት ግዴታው ነው። ስለዚህ ጄትስ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም አንድ ሰው ከኋላው ሮጦ እንዳያመልጥ ነው። አሥር ወይም ሃያ ያርድ ቢሰጥ እንኳ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ሰዓቱ ራሱ ይከላከልለታል። ሆኖም በደፋር አጨዋወቱ የታወቀው የተከላካዮች አሠልጣኝ ግሬግ ዊልያምስ ብሊትዙን አዘዘ፤ ከኋላም ማንም ጠባቂ አልቀረም። የሬደርሱ ኳርተርባክ ዴሪክ ካር የመጡበት ሰዎች ሳይደርሱበት ኳሱን ለቀቀው። በፍጥነቱ የታወቀው ሄንሪ ራግስ ብቻውን ከቀረው ተከላካይ አምልጦ ተቀበለው። ሰዓቱ 5 ሰከንድ ሲቀረው ተችዳውን ሆነ፤ ሬደርስም 31 ለ28 አሸነፈ። ዊልያምስ በማግሥቱ ከሥራው ተሰናበተ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁልጊዜ መጠንቀቅ ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለእርሱ ደግሞ ሌላ 13 ሰከንድ አለኝ።

ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 23 ቀን 2022) የቡፋሎው ቢልስ በካንሳስ ሲቲ ሜዳ ከቺፍስ ጋር ተጋጠመ። የተሸነፈው ከዓመቱ ውድድር የሚሰናበትበት ጨዋታ ነበር። ቢልስ በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር ጥቂት ነጥብ በማስገባት ከሊጉ አንደኛ የወጣ የተከላካይ ቡድን ነበረው። ሰዓቱ 13 ሰከንድ ሲቀረውም 36 ለ33 መራ። ኳሱን ለቺፍስ ሲያስረክብ እስከ ሜዳው ጫፍ መትቶ ስለ ላከው ከሰዓቱ አንዲት ሰከንድ እንኳ ሳትቀነስ ቺፍስ ከራሱ 25 ያርድ ላይ ጀመረ።

የቢልስ ተከላካዮች ተጠነቀቁ፤ ርቀው ቆሙ፤ ዳር ዳሩንም ጠበቁ። ነገር ግን ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቺፍስ ተችዳውን አያስፈልገውም፤ አርባ ያርድ ያህል ገፍቶ በእግሩ መምታት ይበቃዋል። ደግሞም ሰዓት የማስቆሚያ ፈቃድ በእጁ ነበረ፤ ስለዚህ ኳሱን በመካከል ሜዳ ቢቀበልም ሰዓቱን ማስቆም ይችላል። ጠባቂዎቹ በተውት ክፍት ቦታ ታይሪክ ሂል 19 ያርድ ሄደ፤ ቀጥሎ ትራቪስ ኬልሲ 25 ያርድ ጨመረ። ለሁለቱ ጨዋታዎች የባከነው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። በቀሩት 3 ሰከንዶች ሃሪሰን በትከር ከ49 ያርድ መትቶ 36 ለ36 አደረጋቸው። በተጨማሪው ሰዓት ቺፍስ ኳሱን መጀመሪያ አግኝቶ ተችዳውን አገባና 42 ለ36 አሸነፈ፤ በጊዜው በነበረው ደንብ መሠረትም ቢልስ አንድ ጊዜ እንኳ ኳስ ሳይነካ ተሰናበተ። ከሁለት ወር በኋላ ሊጉ የማጣሪያውን ደንብ ለውጦ ሁለቱም ቡድኖች ኳስ እንዲደርሳቸው ወሰነ፤ ለቢልስ ግን ዘግይቶበታል።

እነሆ፣ የቀረው ሰዓት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች እየመሩ ነበር፤ አንዱ በመድፈር ጠፋ፣ አንዱም በመጠንቀቅ ጠፋ። አሠልጣኞቹ ቢለዋወጡ ኖሮ ምናልባት ሁለቱም ባሸነፉ ነበር! ለዚህም ምክንያቱ በአራትና በሦስት ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱም «እኛ ምን ዓይነት ቡድን ነን?» ብለው የጠየቁ ይመስላል፤ መጠየቅ የነበረባቸው ግን «ተቃራኒያችን ምን ያስፈልገዋል? ያንንስ ለማግኘት ስንት ሰከንድ አለው?» የሚለውን ነበር።

ሦስተኛም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከፊቴ የቆመው ማን ነው?» የሚለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 የቺካጎው ቤርስ በተከላካዮች አሠልጣኙ በበዲ ራያን መሪነት ኳርተርባኮችን በብሊትዝ እያስጨነቀ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ያቺ አንዲት ሽንፈት የመጣችው ዲሴምበር 2 ቀን በማያሚ ሲሆን ውጤቱም 38 ለ24 ነበር። የማያሚው ዳን ማሪኖ ኳሱን እጅግ ፈጥኖ የሚለቅ ሰው ነበረና መብረቁ ሳይደርስበት ይወረውር ነበር። ጀማሪውንና የሚያመነታውን ኳርተርባክ ብሊትዝ ያጠፋዋል፤ ፈጣኑንና ዓይነ ብሩሁን ግን ይጠቅመዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይበደሩ መድፈር ነው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2008 (ጥር 25 ቀን 2000 ዓ.ም.) የኒውዮርኩ ጃያንትስ 18 ጨዋታ ተጫውቶ ሁሉንም ያሸነፈውን ፓትሪየትስን ለሻምፒዮናው ገጠመ። የጃያንትስ የፊት መስመር ሰዎች እጅግ ብርቱዎች ስለ ነበሩ፣ በአብዛኛው አራቱ ብቻ እየገፉ ከኋላ ሰባት ጠባቂ ሊተርፍ ቻለ። ቶም ብሬዲ አምስት ጊዜ በእጁ ኳስ እንደ ያዘ ተጣለ። በመጨረሻው ደቂቃ ፓትሪየትስ በ13 ያርድ ላይ ብሊትዝ ሲልክ አጭሩ ተከላካይ ከረጅሙ ፕላክሲኮ በረስ ጋር ብቻውን ቀረ፤ ኢላይ ማኒንግም ከፍ አድርጎ ወረወረለት። ጃያንትስ 17 ለ14 አሸነፈ። አራት ሰው የስድስቱን ሥራ ሲሠራ ማንም ብድር ውስጥ አይገባም፤ ያ ግን በጨዋታው ቀን የሚገኝ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በልምምድ የሚከማች ሀብት ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ውጤቱን ካወቁ በኋላ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን የምፈርደው በውጤቱ አይደለም። ራግስ ኳሱን ቢያመልጠው ኖሮም የዊልያምስ ትእዛዝ ያው ስሕተት ነበር፤ ያስፈለገው ሒሳብ ሁሉ፣ ነጥቡም፣ ሰከንዱም፣ ያርዱም፣ ከውርወራው በፊት በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ነበረና።

ፈተና የሚጠብቀው ተማሪና አዲስ ወንበር የያዘ ወጣት ሹም የየራሳቸው 13 ሰከንድ አላቸው። ተማሪው ሰዓቱ ሲያልቅ የማያውቀውን ከባድ ጥያቄ ይድፈር ወይስ የጻፈውን ያርም? ሹሙ ዛሬውኑ ይወስን ወይስ ጉዳዩ እስኪጣራ ይታገሥ? ለዚህ አንድ ወጥ መልስ የለም። ነገር ግን «እኔ ደፋር ነኝ» ወይም «እኔ ጠንቃቃ ነኝ» የሚለው መልስ ሊሆን እንደማይችል ሁለቱ ቡድኖች አሳይተውናል። አስቀድሞ ሰሌዳውን ማየት ይገባል፤ መድፈሩም ሆነ መጠንቀቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል።