ጦስኝ ለሻይና ለወጥ እንጂ ለሳንባ ምች አይሆንም

ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ በፌስታል ተቋጥሮ ከሚላክልን ነገር አንዱ ጦስኝ ነው። ጦስኝ የደጋ ተክል ነው። በባሌ፣ በመንዝና በሰሜን ተራሮች መሬት ለመሬት እየተሳበ ይበቅላል። እንደ ካኩማ ባለ ሙቅ ቆላ ስለማይበቅል እዚህ የምናገኘው ደርቆ ነው።

እናቶቻችን ጦስኝን በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ከሌላው ቅመም ጋር ይጨምሩታል። ለሻይ ደግሞ ውኃው ከፈላ በኋላ አንድ ቁንጥር ጨምሮ፣ ከድኖ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። መክደኑ ለምን? ሽታውም ጣዕሙም ያለው በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይቱም ከእንፋሎቱ ጋር ይተናል። ጦስኝ በጥላ የሚደርቀውና በተከደነ ዕቃ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው።

በዘይቱ ውስጥ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ በላቦራቶሪ ሲሞከሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገድላሉ። ታዲያ ይህን ሰምተን “ጦስኝ መድኃኒት ነው” ብለን መደምደም የለብንም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚሠራ ነገር ሁሉ በሻይ መጠን ተጠጥቶ ሳንባ ውስጥ አይሠራም። ትኩሱ ሻይ ጉንፋን ለያዘው አዋቂ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ወባንና የሳንባ ምችን ግን አያድንም።

በተለይ ሕፃናትን እናስብ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ እንጂ ሻይ አይሰጥም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አደገኛ ስለሆነ ሻዩ ውስጥም ቢሆን አይጨመርም። ልጅ ካሳለው ሳያለቅስ፣ ረጋ ባለበት ሰዓት ይዘን ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ እንቁጠር። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ከቆጠርን ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ይህ የሳንባ ምች ምልክት ስለሆነ ነገ ሳይባል ወደ ክሊኒክ ይወሰድ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን መቆየት የለበትም።

መምህራን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ትንፋሽ በሰዓት እንዲቆጥሩ ብናለማምዳቸው ጥሩ ነው። ተማሪው ቤት ሲገባ ታናሹን መቁጠር ይችላል። ጦስኙንም አንጥለው፤ ከክሊኒክ መልስ ለታላላቆቹ ሻይ ይፈላበታል።