ስለ መኪና የእጅ ፍሬን
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስኮና በቡራዩ በኩል ወደ ገፈርሳ፤ ከዚያም አልፎ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ዳገትና ቁልቁለት ሲፈራረቁ ያያል። በዚህ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ ለጉዳዩ የሚወርድ ባለመኪና፤ መኪናው በቆመበት ይቆይለት ዘንድ የሚተማመነው በእጅ ፍሬኑ ነው። ከመኪናው በታች በኩል ገበያተኛ ያልፋል፤ ሕፃናት ይጫወታሉ። ስለዚህ የእጅ ፍሬን ነገር የባለመኪናው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዛሬው ጊዜ አንዳንድ ወጣቶች የተለመደውን የእጅ ፍሬን አስነቅለው በፈሳሽ ግፊት የሚሠራውን፤ ማለት ሃይድሮሊክ የሚባለውን ሊያስገቡ ይሻሉ። ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የእግር ፍሬንን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

በ17ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እንደ ገለጠው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ቢጫኑት ግፊቱ በሁሉም በኩል እኩል ይደርሳል። በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ፒስቶን ላይ 10 ኪሎ ቢጫን፤ በሌላው ጫፍ ያለው የ4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ፒስቶን በ40 ኪሎ ኀይል ይገፋል። የእግር ፍሬን የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ዱሰንበርግ የተባለው የአሜሪካ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ዓ. ም. ይህን ፍሬን በ4ቱም ጎማዎች ላይ ይዞ ወጣ።

ይሁን እንጂ ግፊት ጸንቶ የሚኖረው ዕቃው እንደ ተዘጋ ሲቆይ ብቻ ነው። ከገፈርሳ ግድብ ወደ ከተማ የሚወርደው ውሃ ቧንቧው ቢሸነቆር ግፊቱ እንደሚደክም፤ የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ነው። የተለመደው የእጅ ፍሬን ከዘይቱ ተለይቶ በብረት ገመድ የኋላ ጎማዎችን እንዲይዝ የተደረገውም ስለዚህ ነው። የእግር ፍሬኑ ዘይት ፈስሶ ቢያልቅ እንኳ እጀታው ተስቦ በጥርሱ ላይ ሲያርፍ፤ ገመዱ ሳይላላ ይቆያል።

ሃይድሮሊኩ የእጅ ፍሬን ግን ረዘም ያለ እጀታና የራሱ ትንሽ ፓምፕ አለው። መካኒኩ ከዋናው ፓምፕ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የዘይት ቧንቧ ቈርጦ ይህን ፓምፕ በመካከል ያስገባዋል። እጀታው ሲሳብ የኋላ ጎማዎች ባንድ ጊዜ ይያዛሉ። የራሊ ተወዳዳሪዎች በጠባብ መታጠፊያ ላይ የመኪናውን ጀርባ አዙረው ለማለፍ ይጠቀሙበታል፤ ሥራውም ይኸው ነው።

ለማቆሚያ ግን አይሆንም። ቁልቁለት ወርዶ የጋለ ፍሬን ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይኰማተራል፤ በላስቲኩ በኩልም ጥቂት በጥቂት ሊያፈስ ይችላል። ሲቆም የጸና የመሰለው መኪና ከሰዓታት በኋላ ሊንሸራተት ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቍጥር 13 የማቆሚያ ፍሬን በሜካኒካዊ መሣሪያ ብቻ ተይዞ እንዲቆይ የሚያዘው ለዚህ ነው። እንግዲህ ለውድድር ሜዳ ሃይድሮሊኩን የሚያስገባ ሰው ባለገመዱን አያስነቅል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በብዙ ትንንሽ መኪናዎች የዘይቱ መስመር በሰያፍ የተከፈለ ስለ ሆነ፤ 2ቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ቧንቧ አይገናኙም። ይህን ሳያውቁ ቧንቧዎቹን ማገናኘት፤ አንዱ መስመር ሲበላሽ ሌላው እንዲያድን የተደረገውን መጠባበቂያ ያጠፋል። ከሥራው በኋላም አየሩ ጨርሶ መውጣት አለበት፤ አየር ሲጫኑት ይጨመቃልና ፍሬኑ አይዝም። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት መጨመርም ላስቲኩን አሳብጦ ያበላሻል። በክረምት በረጠበ መንገድ ላይ እጀታውን መሳብ ደግሞ መኪናውን አሽከርክሮ ወደ ሰው መወርወር ነው።

ለሁሉም ባለመኪና የሚሆን ቀላል ፈተና አለ። ሰው በሌለበት ለስላሳ ቁልቁለት ላይ መኪናውን አቁሞ፤ ማርሹን ነጻ አድርጎ፤ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፤ እግሩን ከእግር ፍሬኑ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። መኪናው ከተንቀሳቀሰ ገመዱ ይጠበቅ፤ ሸራውም ይመርመር። ዳገት ላይ ሲቆም ማርሹን 1ኛ፤ ቁልቁለት ላይ ሲቆም የኋላ ማርሽ ማስገባት፤ የፊት ጎማዎችን ወደ መንገዱ ጠርዝ ማዞር፤ ከጎማውም ሥር ታኮ ማድረግ ተጨማሪ ዋስትና ነው። በታኮ ፈንታ ድንጋይ ያደረገ ሰው ሲነሣ ድንጋዩን ከመንገድ ያንሣ፤ ለራሱ ዋስትና የነበረው በሌሊት ለሚመጣው መንገደኛ አደጋ ይሆናልና።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ የላላ ገመድ የሚጠበቀው መኪናው ከመንሸራተቱ በፊት ነው።