ወረዳ ድረስ የሚሄድ ድምፅ፦ የአካል ጉዳተኞችና የቤተሰቦቻቸው የአመራር ሥልጠና

መርካቶ ሸማ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ረፋዱ ላይ ለቆመ ሰው ገበያው ማንን አስቦ እንደተሠራ ወዲያው ይገባዋል። ተሸካሚው ከባድ ጭነት ተሸክሞ ከኋላ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሲመጣ መስማት የተሳነው ሰው ድንገት ተገፍትሮ ነው የሚያውቀው። አዳዲሶቹ የገበያ ሕንፃዎች መግቢያቸው ደረጃ ነው፤ በዊልቸር የሚሄድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ዕቃውን በሰው ያስወጣል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግን ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የጎደለው አዋጁን ይዞ ወረዳ የሚገባ፣ ሲመልሱትም ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው። የአመራር ሥልጠና የሚባለው ሥራ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ያለውን ሰው ሲያወጣ ነው።

አካል ጉዳተኞች በራሳቸው ስም መደራጀት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው በ1952 ዓ.ም. ነው። መስማት የተሳናቸው ወገኖች በ1960ዎቹ ተከተሉ፤ የሴት አካል ጉዳተኞች ማኅበር ደግሞ ሁለት ዓይነት ጫና የተሸከሙትን ሴቶች ይዞ በ1990ዎቹ መጣ። ለእኔ እውነተኛው የአመራር ትምህርት ቤት እነዚህ ማኅበራት ናቸው። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሊቀ መንበር መምረጥና ማውረድ፣ የገንዘብ ሪፖርት አይቶ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ በንግግር ብቻ የሚለመድ ሙያ አይደለም።

የየትነበርሽ ንጉሤ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ወሎ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችውን ይህችን ሴት እናቷና አያቷ ቆርጠው ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላኳት። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስትማር የፀረ ኤድስ እንቅስቃሴውንና የሴት ተማሪዎችን ማኅበር መርታለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችና ልማት ማዕከልን ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፣ በ2017 ደግሞ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለች። የመሪነቷን መጀመሪያ የሚፈልግ ሰው የሁለት ሴቶችን ውሳኔና የተማሪዎች ስብሰባን ያገኛል። ቤተሰብ ካልተነሳ ልጁ ስብሰባው ጋ አይደርስም።

ለአሥር ዓመት ያህል ይህ ሥራ በሕግ ተይዞ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት የአካል ጉዳተኞችን መብት በማስከበር ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። ዊልቸር ማደል ይቻል ነበር፤ ዊልቸር የተሰጠው ሰው መብቱን እንዲጠይቅ ማሠልጠን ግን አስቸጋሪ ሆነ። የሚገርመው ያ አዋጅ በወጣ በዓመቱ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋ ነው። ክልከላው የተነሳው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በመካከሉ በዚህ ሥራ መሠልጠን የነበረበት አንድ ትውልድ ሳይሠለጥን አለፈ፤ ዛሬም የሚታየው ክፍተት ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቤተሰብ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ 864,218 አካል ጉዳተኞችን ብቻ መዘገበ፤ ከሕዝቡ 1.2 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ የአካል ጉዳት አለበት ብሎ ይገምታል። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የመጠይቁ አቀራረብ ነው። ሌላው ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ ልጁ ጓዳ መግባቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ከተጠየቁት 102 አሳዳጊዎች 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንዱ ያህል ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። እነዚህ እንግዲህ ክሊኒክ ድረስ የመጡት ናቸው።

ይህን ዝምታ በአደባባይ ከሰበሩት መካከል ዘሚ የኑስን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ባለቤት የነበረችው ዘሚ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ስለ ልጇ በስሙ ተናገረች፤ እሷን ሰምተው የየራሳቸውን ልጅ ይዘው የወጡ እናቶች ብዙ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ አረፈች። ከእሷ ማዕከል በኋላ ነህምያን የመሰሉ፣ ወላጆች ያቋቋሟቸው ማዕከላት መጥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለውን የአሳዳጊዎች ሥልጠና ከሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሥልጠናውን ሐኪም ያልሆነ ሰውም ሊሰጠው ይችላል፤ ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ በግልጽ መባል ያለበት ነገር አለ። በኦቲዝምና በአእምሮ እድገት ውስንነት ዙሪያ እስካሁን በብዛት የምንሰማው የእናቶችን ድምፅ ነው። ልጆቹ አድገዋል፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሞላቸው አሉ። ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት መድረክ ግን ገና ጠባብ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው ሥልጠና ወላጆችንና ባለጉዳዮቹን ራሳቸውን ባንድ ክፍል አስቀምጦ፣ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ለስምንት ወር ሕግ እንዴት እንደሚወጣ፣ እንደራሴን እንዴት እንደሚያነጋግሩ ያስተምራል። ዋናው ቁምነገሩ አንድ ላይ መቀመጣቸው ነው። እናቲቱ ልጇ ሲናገር ዝም ብላ መስማትን ትማራለች፤ ልጁም እናቱ ሳታርመው አረፍተ ነገሩን መጨረስን ይለምዳል።

መርካቶ ባለበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ እንዲህ ያለ ሥልጠና ቢጀመር ቦታው ሆቴል ባይሆን ይሻላል። ሎተሪ አዟሪው፣ በሚዛኑ ሰው እየመዘነ የሚያድረው፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈትተው አይቀመጡም፤ የአንድ ቀን ገቢ ቀረ ማለት የማታ እራት ቀረ ማለት ነው። እሁድ ከሰዓት ይመቻል፤ የዕድር ስብሰባም የሚደረገው ያኔ ነው። የሠፈሩ ሰው ዳኛ መምረጥንና ገንዘብ መቆጣጠርን የለመደው በዕድር ነው። አካል ጉዳተኛ አባል ከዕድሩ ኮሚቴ ለመግባት ቢወዳደር ከብዙ ቀን ንግግር የበለጠ ይማርበታል። በዚያው ክፍለ ከተማ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በየቀኑ ከየአቅጣጫው ቤተሰብ ይመጣለታል፤ ተሳታፊ ቤተሰቦችን ለማግኘት ከዚያ መጀመር ይቻላል።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም በመጀመሪያው ቀን መኖር አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ባለሙያው አለ። ክፍያው ግን የበጀቱ ማሳረጊያ ላይ ተጽፎ ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። የሥልጠናው አዘጋጅ የአስተርጓሚውን ክፍያ ከምሳውና ከቲሸርቱ በፊት ይጻፈው።